ገብስ፣ ጾምና ባልንጀራ

በሁዳዴ ማብቂያ፣ በተለይም በሰሙነ ሕማማት፣ የሰዉን ፊት ልብ ብሎ ያየ አንድ ነገር ይታዘባል። ጉንጭ ጎደል ብሏል፤ ቀበቶ አንድ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዳገት ሲወጣ ያለከልክ የነበረው ጎረቤት ዛሬ ሳይቆም ይወጣዋል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደግሞ ርክበ ካህናት እንኳ ሳይደርስ ቀበቶው ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ይመለሳል። ነገሩ በየዓመቱና በየቤቱ ስለሚደርስ ማንም "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ግን ልጠይቅ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይል 55 ቀን የዘለቀ ሰው፣ ያንኑ ያገኘውን ሰውነት ለተከታዩ 55 ቀን መጠበቅ ስለምን ያቅተዋል? "ፈቃደ ደካማ ነው" እንዳንል ጽናቱን ገና አሁን አስመስክሯል። "ምግቡ አይስማማውም" እንዳንልም ስምንት ሳምንት በልቶት ኖሯል። እንግዲህ መልሱ ከሰውየው ፈቃድም ከሳህኑም ውጭ መፈለግ አለበት ማለት ነው። እኔ የፈለግሁት ተወልጄ ባደግሁበት በባሌ ደጋ፣ በጎባና በሮቤ ታሪክ ውስጥ ነው።

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት አንድ ተቃውሞ አውቃለሁ። "ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ስለ መክሳት ይጻፋል ወይ?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተቃውሞው ሥር አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን፣ የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያየ ሕዝብ "ከሳህ፤ ምን ነካህ?" ሲል ማዘኑ ነው፤ "ወፈር ብለሻል፤ አምሮብሻል" ሲል ማመስገኑ ነው። በቋንቋችን ውስጥ ውፍረት የደላው ሰው ምልክት፣ ክሳት የችግር ምስክር ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ሴቶች ከልክ በላይ ክብደት የነበራቸው 3 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በ2016 ቁጥሩ 8 ደርሷል፤ በከተማ ብቻ ሲታይ ደግሞ ከአምስት ሴት አንዷ ናት። በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ መንደር፣ የሚበላው ያጣ ልጅና ስኳር የያዘው ጎልማሳ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የአንዱ መኖር የሌላውን ሕመም አያስቀረውም።

አሁን ወደ ባሌ እንሂድ። ጎባና ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይገኛሉ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሮቤ ደግሞ ዝቅ ብላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ በሰፊው የሲናና ሜዳ ጫፍ ተቀምጣለች። ከጎባ ወደ ደቡብ መንገዱን ይዞ የወጣ ሰው አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለውን የሳነቴን አምባ ያገኛል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። ባሌ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማዋ ጎባ ነበረች። ክፍለ ሀገሩ ቀርቶ ዞን ሲመጣ ወንበሩ ወደ ሮቤ ዞረ። ጎቤዎች ይህን እስከ ዛሬ በቀልድ መልክ ያነሱታል፤ ቀልዱ ውስጥ ግን ቅሬታ አለ።

የአገሩ እህል ገብስ ነው። ስንዴ የመጣው፣ ያውም እንደ ዛሬው ሜዳውን ያለበሰው፣ በኋላ ነው። የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ሐምሌ የሚዘልቀውን ወቅት "ገና" ይለዋል፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለውን "ቦና"። ገና ማለት እንግዲህ የልደት በዓል አይደለም፤ በኦሮምኛ የዝናም ወቅት ስም ነው። በሁለቱም ወቅት ገብስ ይዘራል። "አሩሶ" የሚባለው ቶሎ የሚደርስ የአገሬው ገብስ በሲናና አካባቢ ዛሬም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም ከስንዴው ጎን ለጎን ለደጋው የሚስማሙ የገብስ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል።

"ገብስ የእህል ንጉሥ" የሚለው አባባል በባሌ ቤት ውስጥ ትርጉሙ በግልጽ ይታያል። ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ፤ ተከክቶ ቅንጬ፤ በፈላ ውኃ ተገንፍቶ ገንፎ፣ ባሌዎች "ማርቃ" የሚሉት፤ በምጣድ ቂጣ፤ በጋን ጠላ። በቅቤና በቅመም የታሸ እንደሆነ ደግሞ "ጩኮ" ይባላል፤ ለክብር እንግዳና ለመንገደኛ የሚቀርበው እሱ ነው። ቡናው ሳይቀር ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ከገብስ ቆሎ ጋር "ቡና ቀላ" ሆኖ ይቀርባል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳላሳምር ልናገር። የባሌ አርሲ ኦሮሞ የኖረው በገብስ ብቻ አይደለም። ከብት አርቢ ነበር፤ ወተትና ቅቤ የኑሮው ግማሽ ናቸው። ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ የኖረው ቅቤ ስላልቀመሰ ሳይሆን፣ ከብት ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚሄድ፣ የቅቤውም ቀን ከገብሱ ቀን ስለሚያንስ ነው። ጾሙን ወደ ጎባ ያመጡት በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሸዋ የመጡት ወታደሮችና ከነሱ ጋር የተከተሉ ካህናት ናቸው። የመጡት በድል አድራጊነት ነው፤ አመጣጣቸው በአገሬው ላይ ያደረሰው በደልም የማይካድ ታሪክ ነው። ነገር ግን ሰፋሪውና አገሬው አንድ ማዕድ ላይ የሚገናኙበት ምግብ ነበራቸው፤ እሱም ገብስ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ በሁለት ድስት ይሠራል፣ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። እህሉ ግን አይለያይም። ቆሎው፣ ንፍሮው፣ ቂጣው፣ ሽሮው፣ ቡናው የሁሉም ነው። የጾም ወራት በመጣ ጊዜ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ቡናውን በቅቤ ሳታስነካ፣ ቆሎውን ለብቻው ቆልታ ትጠራን ነበር፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ እናቴ ለማፍጠሪያ የሚሆን አጃ ወይም ገብስ አጥሚት ሠርታ በልጅ እጅ ትልክ ነበር። ሥጋ የለየውን ማዕድ እህል ሲያገናኘው በልጅነቴ አይቻለሁ። "ባልንጀራ" የሚለው ቃላችን "ባለ እንጀራ" ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ አብሮ የሚበላ ማለት ነው።

ጾሙ ራሱ ምን ነበር? በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 የተደነገገውና ቤተ ክርስቲያን ያጸናችው ሥርዓት የዓመቱን ቀን ግማሽ ያህል ይይዛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ፤ የሐዋርያት ጾም፤ በነሐሴ የፍልሰታ 15 ቀን፤ የነነዌ 3 ቀን፤ ከዚያም ረቡዕና ዓርብ። ሁሉም ምእመን ሊጾማቸው የሚገባው ቀናት 180 ገደማ ይሆናሉ፤ ካህናትና መነኮሳት የሚጾሙት ሲደመር ወደ 250 ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ቀን ማዕዱ የእህልና የጥራጥሬ ነው፤ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ድንች። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባንም የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ነው።

የዛሬ የምግብ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን አመጋገብ "በስታርች ላይ የቆመ" ይሉታል። ስታርች ማለት የእህልና የሥራሥር ዱቄታማ ክፍል ነው። አንድ ግራም ስታርች 4 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ዘይት ወይም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። ገብስ ሲበስል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ሆድን የሚሞላው ግማሹ ውኃ ነው። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰርም በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ስለዚህ አንድ ሳህን የገብስ ቅንጬ የበላ ሰው እስኪጠግብ በልቶም የገባለት ካሎሪ ትንሽ ነው። ረሃብ ሳይኖር መክሳት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ጎባና ሮቤ ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት ከየት መጡ?

ታሪኩ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር የመኳንንት ቤት ዕቃ መሆኑ ማክተም ጀመረ፤ ሻይ በስኳር የየቤቱ ሆነ። ፓስታና መኮሮኒ ከጣሊያን ወረራ ጋር መጥተው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቀሩ። በደርግ ዘመን የሲናና ሜዳ በመንግሥት እርሻ ትራክተርና ኮምባይነር ታርሶና ታጭዶ ከአርሲ ጋር የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ሆነ። ስንዴው ለአገር የሰጠውን ጥቅም የሚክድ የለም። ነገር ግን ስንዴው ወደ ፋብሪካ ሄዶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሲመለስ፣ ገብሱን ከማዕዱ እየገፋው መጣ። ገብስ የገጠር ዘመድ ምግብ፣ ዳቦ የከተማ ሰው ምግብ ተባለ። ዘይቱም እንዲሁ ነው፤ ከኑግና ከተልባ በጭንቅ የሚጨመቀው ጠብታ ቀርቶ ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት በጀሪካን ገባ። ዛሬ የጾም ምግብ በሚባለው ሳህን ላይ ሽሮው በዘይት ይዋኛል፤ ሳምቡሳውና ቦንቦሊኖው ጾም ናቸው፤ ለስላሳውም ጾም ነው። ሕጉ አልፈረሰም፤ ሳህኑ ግን ያው የድሮው አይደለም። ከጎባ ሮቤ በእግር ወይም በፈረስ ይሄድ የነበረውም ዛሬ በሚኒባስ ይሄዳል፤ በከተማው ውስጥ ከገበያ እስከ ቤት ባጃጅ አለ።

ይህ የባሌ ታሪክ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ማክዱጋል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሃዋይ ደሴት የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞችን ሲያክሙ ያዩት ይኸንኑ ነው። ከፊሊፒንስ፣ ከጃፓን፣ ከቻይናና ከኮሪያ የመጡት አያቶች ሩዝና አትክልት እየበሉ ቀጫጮችና ጤነኞች ነበሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የአሜሪካኑን ምግብ በለመዱ መጠን እየወፈሩና እየታመሙ ሄዱ። ማክዱጋል ከዚህ ተነሥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪያርፉ ድረስ፣ ሰው በእህልና በሥራሥር ላይ ቢቆም ይሻለዋል እያሉ አስተምረዋል።

ይሁንና ምን መብላት እንዳለበት ማወቅና ያንኑ እየበሉ መኖር የተለያዩ ናቸው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ የታወቀ ሙከራ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1945 አንሴል ኪስ የሚባሉ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል ድንች፣ ሥራሥር፣ ዳቦና መኮሮኒ በሚበዛበት፣ ሆን ተብሎ ግን በተቀነሰ ምግብ አቆዩአቸው። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ከዚያ ምግቡ ሲፈቀድላቸው የሆነው ነው አስገራሚው፤ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ረሃቡ አልለቀቃቸውም። ሰውነት የጠፋበትን ስብ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል። እስኪመለስለት ድረስ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የተባለው ንጥረ ነገር የዚህን አሠራር አንድ ክፍል ገልጦታል፤ ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፣ አንጎልም "ብላ" ይላል።

አሁን የፋሲካን ነገር በዚህ ዓይን እንመልከተው። ጿሚው ክብደቱን ጥሏል፤ ሰውነቱ ዕዳውን ሊያስመልስ አሰፍስፏል። ልክ በዚያው ሌሊት ዶሮው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ጠጁ ይቀርባል። እሱ ብቻ አይደለም። በሥርዓቱ መሠረት ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ይህ የደስታ ዘመን ነው፤ ተገቢም ነው፤ እኔም በሥርዓቱ ላይ አንዳች የምለው የለኝም። ነገር ግን በሥጋ በኩል ሲታይ፣ ሰውነት እጅግ በተራበበት በዚያ ጊዜ ጿሚውን የሚይዘው አንድም ነገር አይኖርም። ከሁሉም በላይ የጎደለው ባልንጀራው ነው።

በጾም ወቅት እኮ ሰው ብቻውን አይጾምም። ቤቱ ይጾማል፤ ድስቱ ይታጠባል። መንደሩ ይጾማል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል ወይም ገበያው ይቀዘቅዛል። ማኅበርተኛው ይጾማል፤ የጽዋው ዕለት ጠላና ዳቦ፣ ንፍሮና ሽሮ ይቀርባል። "ትንሽ ቅመስ፤ በሞቴ!" የሚል የለም። በአገራችን ባህል "በሞቴ" የተባለ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ ጾም ግን "በሞቴ"ን ይሽረዋል። በፋሲካ ያ ሁሉ ማኅበር ተገልብጦ በሌላው ወገን ይቆማል። ያው ቤት፣ ያው መንደር፣ ያው ማኅበርተኛ "በሞቴ" ማለት ይጀምራል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን፤ ድሩ ሰውን ለማሰርም እንደሚያገለግል ግን አናስበውም። እንግዲህ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ 55 ቀን የጸናው የሰውየው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ፈቃድ ነበር። ማኅበሩ ሲለቅ እሱም ለቀቀ።

ሌላው ዓለም ይህን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። ጀርመን ተወልደው አሜሪካ የተሰደዱት ሐኪም ዋልተር ኬምፕነር ከእ.ኤ.አ. 1939 ጀምሮ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የኩላሊትና የደም ግፊት ሕመምተኞችን በሩዝና በፍራፍሬ ያክሙ ነበር። ቆይተው እጅግ የወፈሩ ሰዎችንም ተቀበሉ። ሕመምተኞቹ በደርሃም ከተማ "የሩዝ ቤት" በሚባሉ ማረፊያዎች ለወራት አብረው እየኖሩ ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ኬምፕነርና ባልደረቦቻቸው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 45 ኪሎ የቀነሱ 106 ሰዎችን ታሪክ አሳትመዋል። ሩዙ የታወቀውን ያህል ቤቱና ማዕዱ አልታወቁም፤ ለእኔ ግን ከሩዙ ያላነሰ ሥራ ሠርተዋል።

በኒውዮርክ የኩዊንስ ነዋሪ የነበሩት ወይዘሮ ጂን ናይዴች ሐኪም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሐኪም ቤት የተሰጣቸውን የምግብ ዝርዝር ብቻቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ጥቂት ወዳጆቻቸውን ቤታቸው ሰብስበው መነጋገር ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ የሳሎን ስብሰባ ዓለም አቀፍ ድርጅት ወጣው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ሪና ዊንግና ጄምስ ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎችን መዝገብ ከፈቱ፤ መዝገቡ ውስጥ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ ገብቷል። አብዛኞቹ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ፣ ቁርስ አይዘሉም።

ለኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በኒውዚላንድ ጊዝቦርን በምትባል ከተማ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ነው። 65 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደ ሕክምናውን ቀጠለ። ሌላው ወገን ካሎሪ ሳይቆጥር፣ እስኪጠግብ፣ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ድንች፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ተነገረው፤ ዘይት ግን እንዲቀር። ለ12 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ምሽት እየተሰበሰቡ አብረው ተማሩ። በስድስተኛው ወር በአማካይ 12.1 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ በዓመቱ 11.5 ኪሎው አልተመለሰም። የጊዝቦርን ሰዎች የበሉት ምግብ፣ ዘይቱ ከወጣለት፣ ከእናቴ የፍልሰታ ማዕድ ብዙም አይለይም። ያልነበራት ነገር ቢኖር ፍልሰታ ካለፈ በኋላ የሚሰበሰብ ማኅበር ነው።

እዚህ ላይ ስለራሴ ጥቂት መናገሬ ግድ ይሆናል። ስኳር በቤተሰባችን የገባ በሽታ ነው፤ ታላቅ እህቴን እግሯን ካሳጣት በኋላ ነው የወሰዳት። በእኔም ደም ውስጥ ምልክቱ ሲታይ ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነበር፤ "ክብደት ቀንስ፤ የቀነስከውን ጠብቅ።" የመጀመሪያውን በአንድ ሁዳዴና በአንድ የሐዋርያት ጾም አደረግሁት፤ 12 ኪሎ ወረደ። ለሁለተኛው ሰው ፈለግሁ።

ዛሬ ሮቤ ውስጥ አምስት ነን። ሦስታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊሞች ነን። ስም የለንም፣ መተዳደሪያ ደንብም የለንም። ቅዳሜ ጠዋት ከአንደኛው ወዳጃችን እህል መጋዘን እንገናኝና በእህል ሚዛን ላይ ተራ በተራ እንቆማለን፤ ቁጥሩ በደብተር ይጻፋል። ከዚያ አብረን በእግር እንሄዳለን፤ ስንመለስ ቡናና የገብስ ቆሎ አለ። ረቡዕና ዓርብ የኛ ነው፤ ሰኞና ሐሙስ አንዳንዴ እነሱ ይጾማሉ። በእነዚያ ቀናት የማይጾመውም ከጿሚው ጋር የሚስማማ ነገር ይበላል። በዕለት ማዕዳችን ገብስ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ይበዛሉ፤ ዘይት በማንኪያ ይለካል።

ትልቁ ጭንቅ ሃምሳው ነበር። አንደኛው ወዳጃችን የንስሐ አባቱን ጠየቀ፤ "በሃምሳው መጾም አይፈቀድም" ተባለ። ትክክል ናቸው። እኛም አንጾምም። የፋሲካ ዕለት እንገድፋለን፤ ዶሮውን ከቤተሰብ ጋር እንበላለን፤ ከማግስቱ ጀምሮ ግን የዕለት ምግባችን ወደ ገብሱ ይመለሳል። ወተት ወይም እንቁላል ቢያጋጥም ጾም ስላልሆነ አንሸሽም። በዚያ ሰሞን ቅዳሜን የሚዘል የለም፤ የበዓሉ ሰሞን ድግስ የሌለባቸው ሁለቱ ሙስሊም ወዳጆቻችን ናቸው የሚይዙን። ረመዳን አልቆ ኢድ ሲመጣ ደግሞ ተራው የኛ ነው፤ ያኔ እኛ እንይዛቸዋለን። በአንድ ከተማ ሁለት ሃይማኖት መኖሩ ለክብደት ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የአንዱ ፋሲካ የሌላው ፋሲካ ስላልሆነ ግን ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ።

አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ከወረዱት 12 ኪሎ ሦስቱ ተመልሰዋል፤ ዘጠኙ አልተመለሱም። ከመካከላችን አንዱ ስምንት ወር ጠፍቶ፣ የጣለውንም አንሥቶ መጥቷል። ማንም ምንም አላለውም፤ ሚዛኑ ላይ ቆመ፣ ቁጥሩ ተጻፈ፣ ተሄደ። የአምስት ሰው ታሪክ ጥናት ሊባል እንደማይችል አውቃለሁ። ነገር ግን ከጊዝቦርን የተለየ ነገር አልነገረኝም።

ጥቂት ማሳሰቢያ ልጨምር። ጾም ለክሳት የተሠራ አይደለም፤ ዓላማው የነፍስ ነው፤ ሥጋው የሚያገኘው ትርፍ ብቻ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሰዓት ጠብቆ ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ የማይቀምስ ሰውም ቢ12 የተባለው ቫይታሚን ከእህል እንደማይገኝ ማወቅ አለበት፤ የጊዝቦርን ሰዎችም በክኒን ነበር የሚወስዱት። የጾም ካሌንደራችን ከፍስክ ጋር የሚፈራረቅ መሆኑ በዚህ በኩል ጥበብ አለው።

የባሌ ደጋ ገብስ ዛሬም አለ። በአጋርፋ፣ በጋሰራ፣ በዲንሾ ይዘራል፤ በሮቤ ገበያ በስንዴው ጎን ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ግን ለጠላና ለበዓል ነው። ወደ ዕለት ማዕድ ለመመለስ ሕግም ፋብሪካም አያስፈልገውም፤ የሚቆላና የሚፈጭ እጅ ይበቃዋል። እድር ለለቅሶ አለን፤ እቁብ ለገንዘብ አለን፤ ማኅበር ለጻድቅና ለሰማዕት አለን፤ ለዱዓ መሰብሰብም አለ። በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ ከፋሲካ ወይም ከኢድ ማግስት ለወዳጁ "በሞቴ ብላ" ከማለት ይልቅ "ቅዳሜ እንገናኝ" የሚል ሁለት ሦስት ሰው ቢገኝ ብዙ ነው። የዘንድሮው ሁዳዴ ሲፈታ ቀበቶው ጠበቅ ያለለት አንባቢ ካለ፣ ሌላ ጾም እስኪገባ ከመጠበቅ በዚያው ሳምንት አንድ ባልንጀራ ይፈልግ።